አደይ አበባን በውሃ ቀለም እንዴት እንስላለን?

ይህ የዓመቱ የመጨረሻ ዕትማችን ነው። ፈተና አልቆ ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ ሐምሌና ነሐሴ ሳናውቀው ያልፋሉ፣ ከዚያ ጳጉሜ ትመጣና እንቁጣጣሽ ይደርሳል። መጽሔታችን ደግሞ የምትወጣው ከበዓሉ በኋላ ነው። ስለዚህ ለእንቁጣጣሽ የሚጠቅማችሁን ነገር አሁኑኑ ልጻፍላችሁ።

መስከረም 1 ቀን ጠዋት ሴቶቹ አበባዬሆሽ እያሉ ሲዞሩ፣ ወንዶቹ ደግሞ የሳሉትን አበባ ይዘው የጎረቤት በር ያንኳኳሉ። (ሴቶችም ይሳሉ፣ ማን ከለከለ?) «እንኳን አደረሳችሁ» ብለን ስዕሉን እንሰጣለን፣ እነሱም ብር ይሰጡናል፣ ይመርቁናል። በእኛ ሰፈር በላፍቶ የደብተርና የእስክርቢቶ መግዣውን በዚህ የሚያሟላ ልጅ ብዙ ነው።

አሁን አሁን ግን የታተመ ካርድ ከሱቅ ገዝተው የሚያዞሩ ልጆች በዝተዋል። ካርድ መጥፎ ነው አልልም። ነገር ግን ካርድ ለመግዛት መጀመሪያ ብር ያስፈልጋል፣ ብር የሌለው ልጅ ቤቱ ይቀራል። ደግሞም ሰው ካርዱን ተቀብሎ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል እንጂ «አንተ ነህ የሳልከው?» ብሎ አይጠይቅም። በእጅ የተሳለ ሲሆን ግን ይጠይቃል። አንዲት ጎረቤታችን ልጆች የሰጧቸውን ስዕሎች በሙሉ ቡፌያቸው ውስጥ ደርድረው አስቀምጠዋል፣ እንግዳ ሲመጣም «ይሄ የእገሌ ልጅ ነው» እያሉ ያሳያሉ።

መጀመሪያ አበባዋን እዩ

ብዙዎቻችን አበባ ሳሉ ስንባል ከካርድ ላይ ያየነውን ነው የምንስለው። አምስት ክብ ቅጠል፣ መሃል ላይ ነጥብ፣ ከታች የአበባ ማስቀመጫ። አደይ ግን እንደዚያ አይደለችም። እስቲ አንዷን በእጃችሁ ይዛችሁ ተመልከቱ። ቢጫዎቹን ቅጠሎች ቁጠሩ፤ እኔ ከቆጠርኳቸው ውስጥ ብዙዎቹ ስምንት ነበሯቸው። እያንዳንዱ ቅጠል ረዘም ያለ ነው፣ በርዝመቱም ቀጫጭን መስመሮች አሉት። መሃሏ ከቅጠሎቹ ጠቆር ይላል። ግንዷ ቀጭን ነው፣ አረንጓዴ ቅጠሏም የተሰነጣጠቀ ነው። ነፋስ ሲነካት ሁሉም በአንድ ጎን ያዘነብላሉ፤ ስለዚህ ሁሉንም አበባ ቀጥ አድርጋችሁ ፊት ለፊት አትሳሉ። አንዷ ጎኗን ትስጥ፣ አንዷ ገና እምቡጥ ትሁን።

አደይ የምትፈነዳው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፣ ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ዓመት አናገኛትም። ታላላቆቻችን በጀሞና በለቡ በኩል ድሮ ሜዳ እንደነበር ይነግሩናል። ዛሬ ኮንዶሚኒየምና አስፋልት ነው። ቢሆንም በወንዝ ዳርና በባዶ ቦታ ፈልጉ። ካጣችሁ በበዓሉ ዋዜማ ከቄጤማ ጋር ታስራ ትሸጣለች፣ አንድ እስር ለአራት ልጅ ይበቃል። እስከዚያ ድረስ በሐምሌና በነሐሴ በግቢያችሁ ባለ ጽጌረዳ ተለማመዱ። ግቢ የሌላችሁ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡትን አስፈቅዳችሁ ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ። ዋናው ዓይንን ማለማመድ ነው።

የውሃ ቀለም ምንድን ነው?

ማንኛውም ቀለም ሁለት ነገር አለው፤ አንዱ ቀለም የሚሰጠው ዱቄት ሲሆን ሌላው ዱቄቱን የሚያጣብቀው ነገር ነው። በውሃ ቀለም ውስጥ የሚያጣብቀው ከግራር ዛፍ የሚገኝ ሙጫ ነው። ሙጫው በውሃ ይሟሟል፣ ውሃው ሲተን ደግሞ ዱቄቱን ወረቀቱ ላይ ይይዘዋል። ቀለሙ ስስ ስለሆነ የወረቀቱ ንጣት በውስጡ ያበራል። ለዚህ ነው በውሃ ቀለም ከደማቅ (ከብርሃናማው) ወደ ጨለማው የምንሄደው። በቢጫ ላይ አረንጓዴ መደረብ ይቻላል፣ በአረንጓዴ ላይ ቢጫ ብትደርቡ ግን አይታይም።

አሁን ወደ ሥራው

የሚያስፈልጋችሁ የውሃ ቀለም፣ አንድ ቀጭንና አንድ ወፈር ያለ ብሩሽ፣ ወፍራም ወረቀት (የደብተር ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል)፣ ሶፍት፣ ከሃይላንድ ላስቲክ የተቆረጡ ሁለት የውሃ ዕቃዎች። ሁለት ያልኩት በምክንያት ነው። በአንዱ ብሩሽ ታጥባላችሁ፣ ሌላው ንጹሕ ሆኖ ለቢጫ ብቻ ይቀመጣል። ቢጫ እኮ ቶሎ የሚቆሽሽ ቀለም ነው።

1ኛ. በእርሳስ በጣም ቀለል አድርጋችሁ ንደፉ። የጠቆረ እርሳስ በቢጫው ውስጥ አልፎ ይታያል።

2ኛ. ቅጠሎቹን በቀጭኑ ቢጫ ቀቡ። ብሩሹን ከመሃል ወደ ጫፍ ጎትቱት።

3ኛ. እስኪደርቅ ጠብቁ! በክረምት አየሩ እርጥብ ስለሆነ ይቆያል። ብላችሁ ብላችሁ ከሰል ምድጃ አጠገብ እንዳታስቀምጡት፣ ወረቀቱ ይጠቀለላል፣ እሳትም አለ።

4ኛ. በቢጫው ላይ ትንሽ ቀይ ጨምራችሁ ብርቱካንማ አድርጉና መሃሏን በነጠብጣብ ሙሉ። ለቅጠሎቹ ጥላ ቢጫውን በጣም ትንሽ ቡናማ ጨምሩበት። ጥቁር አትጨምሩ፤ ቢጫ ከጥቁር ጋር ሲቀላቀል የቆሸሸ አረንጓዴ ይሆናል።

5ኛ. ቢጫ በነጭ ወረቀት ላይ ከሩቅ አይለይም። ስለዚህ በአበቦቹ ዙሪያ ያለውን ቦታ በአረንጓዴ ወይም በሰማያዊ ሙሉት። አበባዋ ያን ጊዜ ብቅ ትላለች። አረንጓዴ ከሌላችሁ ሰማያዊና ቢጫ ቀላቅሉ።

6ኛ. ሲደርቅ በመጻሕፍት ሥር አሳድራችሁ ጠፍጥፉት። ስታዞሩ በላስቲክ ሸፍኑት፤ ሙጫው ከደረቀም በኋላ ውሃ ሲነካው እንደገና ይሟሟል። የመስከረም 1 ካፊያ ደግሞ አይታመንም።

የዘይት ቀለምስ?

በዘይት ቀለም ዱቄቱን የሚያጣብቀው ብዙውን ጊዜ የተልባ ዘይት ነው። አዎ፣ ቤታችን ያለው ተልባ! የተልባ ዘይት እንደ ውሃ አይተንም። ከአየር ውስጥ ኦክስጅን ወስዶ ቀስ እያለ ይጠነክራል፣ ስለዚህ ለመድረቅ ቀናት ይፈጅበታል። (የምግብ ዘይት በቀለም ጨምራችሁ አትሞክሩ፣ እንደዚያ አይደርቅም።) የዘይት ቀለም ወፍራም ስለሆነ በጨለማው ላይ ብርሃናማውን መደረብ ይቻላል፣ ጽጌረዳን የመሰለ ድርብርብ አበባ ያምርበታል። ነገር ግን ዘይቱ ወረቀት ይበላል፤ ነጭ መደብ የተቀባ ሸራ ይፈልጋል። ማቅጠኛው ይሸታል፣ መስኮት ተከፍቶ ትልቅ ሰው ባለበት ነው የሚሠራው። ዋጋውም ለእኛ ውድ ነው። በክፍለ ከተማችን ስም የሚጠራው የንፋስ ስልክ ቀለም ፋብሪካ የሚያመርተው የግድግዳና የብረት ቀለምም ቢሆን ነገሩ ያው ነው፤ ዱቄት፣ ማጣበቂያ፣ ማቅጠኛ።

በዘይት ቀለም አበባ ከሳሉት ሁሉ በዓለም የታወቀው ቪንሰንት ቫን ጎህ ነው። በፈረንጆች 1888 የሱፍ አበባን ደጋግሞ ሳለ፣ አንዳንዱንም ቢጫውን በቢጫ መደብ ላይ አድርጎ። ከተጠቀመባቸው ቢጫዎች አንዱ በብርሃን ብዛት ወደ ቡናማ እንደሚሄድ ተመራማሪዎች ደርሰውበታል። እናንተም ስዕላችሁን ፀሐይ በቀጥታ በሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀሉ።

በእኛም አገር የአፍሪካ አዳራሽን ባለቀለም መስታወት የሠሩት የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ «የመስቀል አበባ» የተባለ የታወቀ ስዕል አላቸው። አደይን ማለት ነው። ስዕል መማር ለምትፈልጉ ደግሞ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት ትምህርት ቤት ዛሬ በስማቸው እየተጠራ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይገኛል። ለመግባት ግን ገና 12ኛን መጨረስ አለብን!

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ጳጉሜ ብዙውን ጊዜ አምስት ቀን ናት። አንድ ሳጥን የውሃ ቀለም ለአምስት ልጅ ይበቃል። ቀለም ያለው ቀለም ያምጣ፣ ወረቀት ያለው ወረቀት፣ ምንም የሌለው አደይዋን ፈልጎ ያምጣ። አምስቱን ቀን አብረን ብንስል በእንቁጣጣሽ ጠዋት ከሰፈራችን ባዶ እጁን ቤት የሚቀር ልጅ አይኖርም።

በሉ እንግዲህ፣ መልካም ክረምት። ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም ያሸጋግረን!

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ፣ ከ7ኛ «ለ» ክፍል