ወፍጮው ሳይተከል ጎረቤት ይጠየቅ

በግቢው ወፍጮ ቤት ለመክፈት ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚያሰላው የሞተሩን ዋጋና የመብራቱን ወጪ ነው። ሕጉ ግን የጎረቤትንም ሂሳብ ይጨምርበታል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1204 ባለሀብትነትን ከሁሉ የሰፋ መብት ቢያደርገውም፣ በቁጥር 1225 ባለንብረቱ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ ወይም ንዝረት በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል።

ልኩ የሚመዘነው በአካባቢው ልማድ፣ በቦታው አቀማመጥና ዓይነት ነው። ስለዚህ በገበያ አጠገብ የማያስከስስ ጩኸት በመኖሪያ ሠፈር ሊያስከስስ ይችላል። የንግድ ፈቃድ መያዝም ይህን ግዴታ አያስቀርም።

የተተከለ ወፍጮ መንቀል ኪሳራ ነው። ሞተሩን ከጎረቤት አጥር ማራቅ፣ የሥራውን ሰዓት መወሰንና ጎረቤትን ቀድሞ ማነጋገር ግን ከክርክር ወጪ ይረክሳል።