ስለ አራስ ሕፃን ሕይወት ማን ይወስን?

የሕክምና ኀይል ትንሽ በነበረበት ዘመን ያለ ቀኑ ስለ ተወለደ ሕፃን ብዙ ክርክር አልነበረም። የሚቻለው ይደረግለታል፤ ከሞተም «ዕድሜው ይኸው ነበረ» ተብሎ ይቀበራል። ዛሬ ግን መሣሪያ የሚተነፍስለት፥ ቱቦ የሚመግበው ሕፃን ስላለ፥ «ይቻላልን?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ይገባልን?» የሚል ሌላ ጥያቄ ተነሥቷል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ነው። ነገሩ በአደባባይ በተከራከሩበት በአሜሪካ የሆነውን እንደ ምሳሌ እንወስዳለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ጥያቄው ከየት እንደ መጣ እንመልከት። በሳንባ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አየሩ በወጣ ቍጥር ተጣብቀው እንዳይቀሩ የሚጠብቅ፥ ሰርፋክታንት የሚባል ነገር አለ። ይህም በሚበቃ መጠን የሚገኘው በእርግዝና መጨረሻ ሳምንታት ነው። ስለዚህ ያለ ቀኑ ለተወለደ ሕፃን እያንዳንዱ ትንፋሽ ከባድ ሥራ ይሆንበታል፤ ደክሞም ሊሞት ይችላል። ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጂር ሚድ ይህን ጉድለት በ1959 ገለጡ። በ1963 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከቀኑ አምስት ሳምንት ተኩል ያህል ቀድሞ ተወለደና በዚሁ በሽታ በ39 ሰዓት ሞተ። የመሪ ልጅ መሆኑ አላዳነውም፤ የሚያድነው ዘዴ ገና አልተገኘም ነበርና። በ1971 ጆርጅ ግሪጎሪና ባልደረቦቹ አየርን በማያቋርጥ ቀላል ግፊት በመስጠት ከረጢቶቹን ክፍት አድርጎ ማቈየት እንደሚቻል አሳዩ። በ1980 ደግሞ ጃፓናዊው ቴትሱሮ ፉጂዋራና ባልደረቦቹ ሰርፋክታንቱን ራሱን ወደ ሕፃናቱ ሳንባ በማስገባት ያገኙትን መልካም ውጤት አስታወቁ።

በዚህ መንገድ ብዙ ሕፃናት ዳኑ። ነገር ግን መሣሪያው ሞትን ብቻ የሚያዘገይላቸው፥ ሥቃዩን እንጂ ጤናውን የማያገኙ ሕፃናትም ነበሩ። በ1973 ሬይመንድ ዳፍና ካምቤል የተባሉ ሁለት የዬል ሐኪሞች እስከዚያ ድረስ በሹክሹክታ ይነገር የነበረውን ነገር በግልጥ ጻፉ። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ በክፍላቸው ከሞቱት 299 ሕፃናት መካከል 43ቱ የሞቱት፥ ወላጆችና ሐኪሞች ተመካክረው ሕክምናው እንዲቀር ወይም እንዲቋረጥ ከወሰኑ በኋላ ነበረ። ጽሑፉ ብዙ ሰዎችን አስቈጣ፤ ሆኖም ውሳኔው በየሆስፒታሉ በስውር ከሚደረግ በግልጥ ቢመረመር የሚሻል መሆኑን አሳየ።

በ1982 እንዲህ ያለ ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት ደረሰ። በኢንዲያና ክፍለ ግዛት በብሉሚንግተን ከተማ አንድ ሕፃን ከዳውን ሲንድሮም ጋራ ተወለደ፤ ጕሮሮውም ከሆዱ ጋራ አልተገናኘም ነበረ። ጕሮሮውን በቀዶ ሕክምና ማስተካከል ይቻል ነበር። ወላጆቹ ግን ከሐኪሞች የተለያየ ምክር ሰምተው ቀዶ ሕክምናውን አልፈቀዱም። የክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤቶችም በወላጆቹ ውሳኔ ጣልቃ አልገቡም። ጠበቆች ጉዳዩን ወደ አገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለማቅረብ ሲሰናዱ ሕፃኑ በተወለደ በስድስት ቀኑ ሞተ።

መንግሥቱ ይህን ተመልክቶ ሆስፒታሎችን የሚቈጣጠር ደንብ አወጣ፤ ደንቡን ግን ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1986 ሻረው። ከዚያ በፊት በ1984 የወጣው ሕግ አልተሻረም። ይህ ሕግ በጠቅላላው ሕክምናን ያዛል፤ ነገር ግን ሕፃኑ ዳግመኛ የማይነቃ ከሆነ፥ ወይም ሕክምናው ሞቱን ማዘግየት ብቻ ከሆነ፥ ወይም የማይረባና ራሱ ጭካኔ ከሆነ፥ ሐኪሙን አያስገድድም።

እኛ ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ሦስቱን ዐይነት ሕፃናት ለይቶ ማየት እንደሚገባ ነው። የመጀመሪያው ሕክምናው በርግጥ የሚጠቅመው ነው፤ ወደ ፊት አካለ ስንኩል ወይም አእምሮው ደካማ ይሆናል ተብሎ ሊነፈገው አይገባም። የብሉሚንግተኑ ሕፃን ጕሮሮ የሚጠገን ነበርና ያጐደለበት ሕክምናው ሳይሆን ሰዎች ለሕይወቱ የሰጡት ግምት ነው። ሁለተኛው ምንም ቢደረግለት የማይተርፍ ነው፤ ይህን በመርፌና በቱቦ ማሠቃየት ደግነት አይደለም። ሦስተኛው መጨረሻው የማይታወቀው ነው። እጅግ ቀድሞ የተወለደ ሕፃን ዛሬ ይሙት ወይም ጤነኛ ሆኖ ያድግ እንደ ሆነ በመጀመሪያው ሰዓት በርግጠኝነት የሚናገር ሐኪም የለም። የወላጆች ቃል ከሁሉ ይልቅ መከበር ያለበት በዚህ ስፍራ ነው፤ ሸክሙን የሚሸከሙት እነርሱ ናቸውና። ሆኖም የተነገራቸው እውነት ሙሉ ካልሆነ መረጡ ሊባል አይችልም። ሕክምናው ቢቋረጥም ሕፃኑ ይተዋል ማለት አይደለም፤ ሥቃዩ ይታገስለታል፤ በእናቱም ክንድ ላይ ያርፋል።

ለአገራችን አንድ ነገር እንጨምር። በ2016 በኢትዮጵያ የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳመለከተው፥ በሕይወት ከተወለዱት 1000 ሕፃናት 29ኙ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። መሣሪያ ካነሰ ለማን ይሰጥ የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት መሣሪያ የማይፈልገውን ማድረግ ይገባል። በ2021 የታተመ፥ በጋና፥ በሕንድ፥ በማላዊ፥ በናይጄርያና በታንዛንያ የተደረገ ጥናት፥ ትንሹን ሕፃን እንደ ተወለደ ወዲያው በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ማቈየት የሞቱን ቍጥር ከ100 ከ15.7 ወደ 12 እንዳወረደው አሳይቷል። እንግዲህ ማን ይዳን፥ ማን ይቅር ብሎ ከመምረጥ አስቀድሞ፥ እናቲቱን ከልጇ ሳይለዩ በአንድ ክፍል ማኖር የሆስፒታሉ ሁሉ የመጀመሪያ ግዴታ ነው እንላለን።