ለሥራ የተሠራው ስልክ፦ የብላክቤሪ ጥንካሬና ድክመት ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ምን ያስተምራል?

አምበር፦ በምሥራቅ ጎጃም ዞን በምትገኘው አምበር ከተማም ሆነ በአካባቢው ባሉ ሌሎች ከተሞች የሚሠሩ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ለስብሰባ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር በሚጓዙበት ጊዜ ደብዳቤው፣ ሪፖርቱና የባለጉዳዩ ማስረጃ አብዛኛውን ጊዜ አብሯቸው የሚጓዘው በእጅ ስልካቸው ውስጥ ሆኖ ነው። በመሆኑም ለሥራ የሚውል ስልክ ምን ማሟላት እንዳለበት ማወቅ የግል ምርጫ ብቻ ሳይሆን የመሥሪያ ቤት አሠራር ጉዳይ ጭምር ሆኗል።

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ትምህርት የሚሰጠው ለቢሮ ሥራ ተብለው ከተሠሩት ስልኮች መካከል በዓለም ዙሪያ እጅግ የታወቀው ብላክቤሪ ነው። ስልኩን ያመረተው መቀመጫውን በካናዳ ዋተርሉ ከተማ ያደረገው ሪሰርች ኢን ሞሽን የተባለ ኩባንያ ሲሆን፣ በብላክቤሪ ስም የመጀመሪያውን የኢሜይል መቀበያ መሣሪያ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1999 ነበር። የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት በአዲስ አበባ የተጀመረውም በዚያው ወቅት፣ በ1991 ዓ.ም. መሆኑ ይታወሳል።

የስልኩ የመጀመሪያ ጥንካሬ ፍጥነቱ ነበር። ተጠቃሚው ኢሜይሉን ለማየት ኮምፒዩተር መክፈት ሳያስፈልገው መልእክቱ ራሱ ወደ ስልኩ ይደርስ ነበር። መረጃው ተጨምቆ የሚላክ በመሆኑም ደካማ በሆነ ኔትወርክ ላይ ሳይቀር ይሠራ ነበር። ባትሪው ለረጅም ሰዓት ማገልገሉና እንደ ጽሕፈት መኪና ቁልፎች ያሉት መሆኑ ረዘም ያለ ደብዳቤ ለሚጽፉ ሠራተኞች ምቹ አድርጎት ቆይቷል።

ሁለተኛውና ዋነኛው ጥንካሬው የመረጃ ደኅንነት ነበር። አገልግሎቱን የሚጠቀም መሥሪያ ቤት የራሱን ሰርቨር ይተክል ነበር፤ በሰርቨሩና በስልኩ መካከል የሚመላለሰው መልእክትም በምስጢር ኮድ የተቆለፈ ነበር። ስልኩ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ በውስጡ ያለውን መረጃ ከርቀት ሊያጠፋው ይችል ነበር። የይለፍ ቃል መጠቀም ግዴታ እንዲሆን የሚወስነውም ግለሰቡ ሳይሆን መሥሪያ ቤቱ ነበር። የበርካታ አገሮች መንግሥታትና ትላልቅ ኩባንያዎች ስልኩን የመረጡት በዚሁ ምክንያት ነበር።

ይሁን እንጂ የጥንካሬው ምንጭ የድክመቱም ምንጭ ሆኗል። መልእክቶቹ በኩባንያው የመገናኛ ማዕከላት በኩል ያልፉ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2011 በአንድ ማዕከል የደረሰ ብልሽት በአውሮፓ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በአፍሪካ የጀመረ፣ በኋላም ወደ ሌሎች አህጉራት የተዛመተና ለቀናት የቆየ መቋረጥ አስከትሏል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2010 የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ መንግሥት መረጃው ከአገር ውጭ የሚተላለፍና ለቁጥጥር የማይመች መሆኑን በመጥቀስ አገልግሎቱን እንደሚያግድ አስታውቆ፣ ቀነ ገደቡ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ውሳኔውን አንስቷል። መረጃው የሚቀመጠው የት ነው፣ የሚያዝበትስ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ለማንኛውም መንግሥት መሠረታዊ መሆኑን ይህ ክስተት አመልክቷል።

ሌላው ድክመት ኩባንያው ከለውጡ ጋር በፍጥነት መራመድ አለመቻሉ ነው። አይፎን እ.ኤ.አ. በ2007 በንክኪ የሚሠራ ሰፊ ስክሪን ይዞ ሲመጣ፣ በመቀጠልም የአንድሮይድ ስልኮች በዋጋ ረክሰው ሲስፋፉ፣ ጠባብ ስክሪንና ጥቂት መተግበሪያዎች ያሉት ብላክቤሪ ተመራጭነቱን አጣ። በ2016 ኩባንያው ስልክ በራሱ ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ። እ.ኤ.አ. ከጥር 4 ቀን 2022 ጀምሮ ደግሞ ለቀድሞዎቹ ስልኮች የሚሰጠው አገልግሎት በመቋረጡ፣ መሣሪያው ሳይበላሽ ጥሪና አጭር መልእክት እንኳ በአስተማማኝ ሁኔታ የማይሠራበት ደረጃ ላይ ደርሷል።

በአማርኛ ለሚሠራ ሠራተኛ ጉዳዩ ሌላ ገጽታ አለው። የብላክቤሪ ቁልፎች ለ26ቱ የላቲን ፊደላት የተቀረጹ ናቸው። የእኛ ፊደል ግን 33 መሠረታውያን ፊደላት ከነሰባት እርባታቸው ሲቆጠሩ 231 ይሆናሉ። የንክኪ ስክሪን ግን ቁልፎቹን እንደ ቋንቋው ስለሚለዋውጥ፣ ዛሬ ሠራተኛው ቃለ ጉባኤውን በስልኩ በአማርኛ ጽፎ መላክ ችሏል።

ዛሬ የብላክቤሪን ቦታ የያዙት ተራ የንክኪ ስልኮችና እንደ ቴሌግራም ያሉ መተግበሪያዎች ናቸው። በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር የገንዘብ ክፍያን ጭምር ወደ ስልክ አምጥቷል። ምቾቱ የማይካድ ቢሆንም ሁለት ክፍተቶች ይታያሉ። አንደኛ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰነድ በሠራተኛው የግል ስልክ ላይ በሚቀመጥበት ጊዜ ሠራተኛው ሲዛወር ወይም ስልኩ ሲጠፋ ሰነዱም አብሮ ይሄዳል፤ ባለጉዳዩም ጉዳዩን እንደገና ከመጀመሪያው ለማስረዳት ይገደዳል። ሁለተኛ፣ ኔትወርክ ወይም መብራት ሲቋረጥ በስልክ ላይ ብቻ የተመሠረተ ሥራ ይቆማል።

የመንግሥት መዝገብ የሕዝብ ሀብት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የዜጎችን የግል መረጃ የሚይዙ አካላት ሊያደርጉት የሚገባውን ጥንቃቄ ደንግጓል። ስለሆነም በስልክ የተላከ ማንኛውም ደብዳቤ ቅጂው በመዝገብ ቤት እንዲገባ ማድረግ፣ ስልኩን በይለፍ ቃል መቆለፍ፣ በዝውውር ጊዜም ሰነዶችን እንደ ማንኛውም ንብረት በፊርማ ማስረከብ ብዙ ወጪ የማይጠይቁ እርምጃዎች ናቸው።

ከብላክቤሪ ታሪክ የሚገኘው ትምህርትም ይኸው ነው። መሣሪያው ያረጃል፣ አገልግሎቱም ይዘጋል፤ የባለጉዳዩ መዝገብ ግን ከሁለቱም በኋላ መገኘት አለበት።