ማዕበል በመስታወት ገንዳ

ኮራል እግርም ክንፍም የሌለው እንስሳ ነው። አንዴ ድንጋይ ላይ ከተጣበቀ እዚያው ኖሮ እዚያው ይሞታል። ምግብ ፍለጋ አይወጣም፣ ከቆሻሻው አይሸሽም፤ ምግቡን የሚያመጣለትም ቆሻሻውን የሚወስድለትም ውሃው ነው። ባሕር ውስጥ ነፋሱ፣ ሞገዱ፣ የባሕሩ መሙላትና መጉደል ቀንና ሌሊት ይህን ሥራ ይሠሩለታል። ሳሎን ጥግ የተቀመጠን 300 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ግን ነፋስም ጨረቃም አያንቀሳቅሰውም። እዚያ ያለው ማዕበል ሁሉ ከሶኬት የሚመጣ ነው።

ስለዚህም መብራቱ ተስተካክሎ፣ ጨዉ በሊትር 35 ግራም አካባቢ ሆኖ፣ ሙቀቱም 25 ዲግሪ ላይ ረግቶ ሳለ ኮራሉ እየገረጣ ከሄደ፣ ልምድ ያላቸው አሳዳጊዎች ዓይናቸውን ወደ ውሃው ዝውውር ያዞራሉ። ጥርጣሬያቸው መሠረት አለው።

ሪፍ የሚባለውን የባሕር ውስጥ የድንጋይ ክምር የሚገነቡት ኮራሎች በሥጋቸው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎችን ያኖራሉ። አልጌዎቹ ቀን ቀን በብርሃን ስኳር ይሠራሉ፤ ከዚያም ለአሳዳሪያቸው ያካፍላሉ። ለዚህ ሥራ ካርቦን መግባት፣ ኦክስጅን መውጣት አለበት። ችግሩ ውሃ ከነካው ነገር ገጽ ላይ የመጣበቅ ባሕርይ ያለው መሆኑ ነው። በኮራሉ ቆዳ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር የማይዘል፣ እምብዛም የማይንቀሳቀስ ስስ የውሃ ሽፋን ይቀራል። የሚገባውም የሚወጣውም ይህን ሽፋን አዝግሞ ማለፍ ግድ ይሆንበታል። በዙሪያው ያለው ውሃ ሲፈጥን ሽፋኑ ይሳሳል፤ መንገዱም ያጥራል። ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ነፋስ ሲያገኝ ቶሎ የሚደርቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገሩ ባሕር ውስጥ ተለክቷል። ምጽዋና አሰብ የሚገኙበት ቀይ ባሕር በሰሜን በኩል በአቃባ ባሕረ ሰላጤ እስከ ኤይላት ይዘልቃል። እዚያ ያጠኑት ታሊ ማስ፣ አማጽያ ጌኒን፣ ኡሪ ሻቪትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ውሃው ሲፈጥን የአልጌዎቹ ፎቶሲንተሲስ፣ ማለትም በብርሃን ስኳር መሥራታቸው፣ እንደሚጨምር አሳይተዋል። የሚገርመው ምክንያቱ ነው። ጭማሪው የመጣው ኦክስጅኑ ቶሎ ተጠርጎ ስለሚወጣ ነበር። ካርቦን ዳይኦክሳይድን መያዝ ያለበት ኢንዛይም በዙሪያው ኦክስጅን ሲከማች ይሳሳትና ኦክስጅኑን ይይዛል፤ ድካሙም ይባክናል። ለእኛ ሕይወት የሆነው ጋዝ ለኮራሉ ጓዳ ሲበዛ እንቅፋት ይሆናል ማለት ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ከዚያው ከኤይላት ስለ ሄትሮዜኒያ ሌላ ጥናት ወጣ። ሄትሮዜኒያ አበባ መሰል አካላቱን (ፖሊፖቹን) እየከፈተና እየጨበጠ ሲያርገበግብ የሚውል ለስላሳ ኮራል ነው። ይህ ሁሉ ጉልበት ለምን ይወጣል? መልሱ፣ ሲያርገበግብ የሚያገኘው የፎቶሲንተሲስ ትርፍ አርፎ ከሚያገኘው አሥር እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። ድንጋያማዎቹ ኮራሎችም ቢሆኑ እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም፤ ቆዳቸውን በሸፈኑት ጥቃቅን ፀጉሮች ውሃውን እንደሚያማስሉ እ.ኤ.አ. በ2014 በማይክሮስኮፕ ታይቷል። ከሰው በፊት ፓምፕ የሠራው ኮራሉ ራሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሰው ገንዳ ውስጥ ውሃ ለማንቀሳቀስ ያደረገው ሙከራ በትሕትና ነው የጀመረው። ሊ ቺን ኤንግ የተባለው የጃካርታ ሰው እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከባሕር ከነነፍሳቱ የወጣ ድንጋይና የአየር አረፋ ብቻ ይዞ የባሕር እንስሳትን እንዴት እንደሚያኖር ገለጸ። አረፋው ወደ ላይ ሲወጣ ውሃውን ይስባል፤ ዝውውሩ ያ ብቻ ነበር። ዋልተር አዲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶንያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የኮራል ሪፍ ገንዳ ሲያቋቁም ሞገዱን የሚያስነሣው ውሃ ሞልቶ በሚገለበጥ ባልዲ ነበር። የፓምፕ ምላጭ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉትን ጥቃቅን ነፍሳት ይፈጃል የሚል ስጋት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1987 አውስትራሊያ ታውንስቪል ላይ የተከፈተው አኳሪየም 2.5 ሚሊዮን ሊትር ለሚይዘው የሪፍ ገንዳው የሞገድ ማሽን ተሠራለት።

ዛሬ በቤት ገንዳ ውስጥ የሚገኙት ፓምፖች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ከገንዳው ሥር ካለው ሁለተኛ ገንዳ የተጣራውን ውሃ ወደ ላይ የሚመልሰው ነው። ይህ ከፍታ መውጣት፣ በቱቦ መታጠፊያዎች ማለፍ ስላለበት ካርቶኑ ላይ የተጻፈለትን ያህል ሊትር አያደርስም፤ ቁጥሩ ምንም ከፍታ በሌለበት የተለካ ነው። ሥራውም ማጣሪያውን መመገብ እንጂ ኮራሉን ማወዛወዝ አይደለም። ለዚያ የተሠራው ሁለተኛው ዓይነት፣ ገንዳው ውስጥ በማግኔት የሚለጠፈው ባለ ፕሮፔለር ፓምፕ ነው። እንደ ጀርመኑ ቱንዘ ያሉ ኩባንያዎች ያስፋፉት ይህ ፓምፕ እንደ ድሮዎቹ ቀጭን ውሃ በኃይል አይረጭም፤ በጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ሰፊ ውሃ ይገፋል። የአሜሪካው ኢኮቴክ ሞተሩን ከመስታወቱ ውጭ አድርጎ ፕሮፔለሩን በማግኔት የሚያሽከረክር ሠርቷል፤ ሙቀቱም ገመዱም ከውሃው ውጭ ቀረ።

ስንት ሊትር ያስፈልጋል? በአሳዳጊዎች ዘንድ የተለመደው ልክ፣ ለለስላሳ ኮራሎች በሰዓት ከገንዳው ውሃ ከ10 እስከ 20 እጥፍ፣ እንደ አክሮፖራ ላሉት ቅርንጫፋም ድንጋያማ ኮራሎች ደግሞ 40 እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ለ300 ሊትሩ ገንዳ ሲሰላ ከ3,000 እስከ 12,000 ሊትር በሰዓት ይደርሳል። ቁጥሩ ለግዢ ይጠቅማል፤ ለፍርድ ግን አይበቃም። 12,000 ሊትር በአንድ ጠባብ መስመር አንድ ኮራል ላይ ቢወርድ ሥጋውን ከአጥንቱ ይገፍፈዋል። ከድንጋዩ ጀርባ ያለው ውሃ ግን በዚያው ሰዓት እንደቆመ ሊቀር ይችላል። አብዛኛው ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው፦ ቦታ መቀየር ሲበቃ ትልቅ ፓምፕ ይገዛል።

የፓምፑን ቦታ ለመምረጥ ከሁሉ የሚረዳው ዓይን ነው። አንድ ቁንጥር በረዶው የቀለጠ የዓሣ ምግብ ፓምፑ ፊት ለቆ ቅንጣቶቹን መከተል ነው። የተወሰኑት የላዩን ውሃ ይዘው እስከ ማዶው መስታወት ይሄዳሉ፣ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ በአሸዋው ላይ አድርገው ይመለሳሉ። ሌሎቹ ደግሞ አንድ ጥግ ደርሰው ይዞራሉ፣ ይዘገያሉ፣ ይረጋሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ቡናማ ዝቃጭ የሚከማችበትና ቀይ የባክቴሪያ ምንጣፍ የሚነጠፍበት ያ ጥግ ነው። ረጅም ገንዳ ከሆነ ፓምፖቹን አንድ ጎን ላይ ማሰባሰብ ውሃው ሁሉ በአንድ ላይ እንዲዞር ያደርጋል። አጭር ከሆነ ከግራና ከቀኝ ሆነው መሐል ላይ እንዲጋጩ ማድረግ ይሻላል፤ ሲጋጩ የሚፈጠረው አቅጣጫ የለሽ ነውጥ ከቀጥተኛ ፍሰት ይልቅ ለባሕሩ ይቀርባል። ፓምፖቹን በታይመር ወይም በመቆጣጠሪያ በየተወሰነ ሰዓት ማፈራረቅም የባሕሩን መሙላትና መጉደል ይመስላል።

ኮራሉ ራሱ ይመሰክራል። ፖሊፖቹ ወዲያና ወዲህ ከተወዛወዙ ነገሩ ደህና ነው። ቀኑን ሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ተጋድመው ከዋሉ ወይም ጨርሶ ካልወጡ ፍሰቱ በዝቷል። እንደ ዩፊሊያ ያሉ ሥጋቸው የረዘመ ኮራሎች ጠንካራ ፍሰት ላይ ከተተከሉ ሥጋቸው ከገዛ አጥንታቸው ስለት ጋር እየተፋተገ ይቆስላል። ድንጋዩም ከኋላ መስታወት ጋር ተጣብቆ እንደ ግንብ መደርደር የለበትም፤ ከጀርባው ውሃ የሚያልፍበት ክፍተት ካልተተወለት የትኛውም ፓምፕ አያድነውም። ከፓምፖቹ ቢያንስ አንዱ ደግሞ የውሃውን ገጽ የሚያናውጥ መሆን አለበት። ኦክስጅን ከአየር የሚገባው በዚያ በኩል ነውና።

ፓምፕ ገዝቶ መርሳት አይቻልም። ለኮራሉ የተመቸ ውሃ ድንጋይ ለሚያበጁ ሐምራዊ አልጌዎችም ስለሚመች በጥቂት ወራት ፕሮፔለሩን በጠንካራ ቅርፊት ይሸፍኑታል፤ ጉልበቱም ሳይታወቅ ይደክማል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ አቼቶ በውሃ በጥብጦ ፓምፑን ለተወሰነ ሰዓት እዚያ ማሠራት፣ ከዚያ በደንብ ማለቅለቅ። እጅ ገንዳ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሶኬቱ ይነቀላል፤ የጨው ውሃ ኤሌክትሪክ አሳላፊ ነው። ገመዱም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ከተንጠለጠለ በኋላ ወደ ሶኬቱ ቢመለስ በገመዱ የሚወርደው ጠብታ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

መብራት ሲጠፋ ከሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው። ሌሊት አልጌዎቹ ኦክስጅን መሥራት ያቆማሉ፣ መጠቀሙን ግን ይቀጥላሉ፤ ዓሣውም ኮራሉም ባክቴሪያውም ይተነፍሳሉ፤ ዓሣ የበዛበት ገንዳ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊታፈን ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር የጨው ውሃ ገንዳ ለማቆም ያሰበ ሰው፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ፓምፕ ከመመኘቱ በፊት መብራት ሲጠፋ በራሷ የምትነሣ አንዲት የባትሪ አየር ፓምፕ ገዝቶ ያስቀምጥ።