ሩጫ የተከለከለ ልብ

በጅማ ከተማ ሄርማታ ሰፈር ውስጥ ኳስ የማይወድ ልጅ ማግኘት ከባድ ነው፤ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ካነሣ ወዲህማ ባሰ። ልጁ ሲሮጥ ቆይቶ ድንገት ራሱን ስቶ ቢወድቅ ግን ቤተሰቡ ቀድሞ የሚያስበው የሚጥል በሽታን ነው። ጸበል ይወሰዳል፣ ዱዓ ይደረግለታል። ልብን የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1957 ሁለት የኖርዌይ ሐኪሞች ጠረጠሩ። አንቶን የርቬልና ፍሬድ ላንገ-ኒልሰን ያዩት ቤተሰብ ስድስት ልጆች ነበሩት፤ አራቱ ከተወለዱ ጀምሮ አይሰሙም፣ እየወደቁም ራሳቸውን ይስታሉ። ሦስቱ በልጅነታቸው ድንገት ሞቱ። ሐኪሞቹ የልብ ኤሌክትሪክ ሲያነቡ ኪውቲ የሚባለው ጊዜ፣ ማለትም ልብ መትታ ለሚቀጥለው ምት ኃይሏን እስክትመልስ ያለው፣ ከልክ በላይ ረዝሞ አገኙት። ብዙ ሳይቆይ ይህ የረጅም ኪውቲ ችግር ጆሯቸው ደኅና በሆኑ ቤተሰቦችም ታየ።

ቀጣዩ ጥያቄ ልቡን የሚያውከው ምንድን ነው የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ፒተር ሽዋርትዝና ባልደረቦቹ 670 ሕሙማንን መረመሩ። ከረጅም ኪውቲ ዓይነቶች አንደኛው ካለባቸው 62 በመቶው አደጋ የደረሰባቸው በእንቅስቃሴ ላይ ነበር፤ ዋና ደግሞ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የአሜሪካ ባለሙያዎች መመሪያም ራሱን ስቶ ለሚያውቅ ሕመምተኛ ከውድድር ስፖርት እንደ ቢሊያርድና ጎልፍ ያለውን ብቻ ፈቀደ። አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ጓደኞቹ ሲጫወቱ ዳር ቆሞ ይይ ማለት ነው፤ ይህ ለእኔ ቀላል ቅጣት አይደለም። ደግሞስ በሕክምና ላይ ሆነው መሮጣቸውን ያላቋረጡት ምን ሆኑ?

ይህን የቆጠሩት በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ጆናታን ጆንሰንና ማይክል አከርማን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 እንደዘገቡት ስፖርታቸውን ከቀጠሉ 130 ሰዎች መካከል በጨዋታ ላይ አደጋ የገጠመው አንድ ብቻ ነበር፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ መድኃኒቱን ያልወሰደ። በደረቱ የተተከለው የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ አተረፈው። እ.ኤ.አ. በ2024 የራቸል ላምፐርት ቡድን ችግሩ ያለባቸውን 1,413 ሰዎች ሦስት ዓመት ተከታትሎ፣ ጠንከር ያለ ስፖርት ከሠሩት 2.6 በመቶው፣ ካልሠሩት ደግሞ 2.7 በመቶው ከባድ ችግር እንደገጠማቸው አስታወቀ።

እነዚህ ሰዎች ግን በልብ ሐኪም የሚታዩ፣ ሕክምና ያላቸው ናቸው። ሄርማታ ላለ ልጅም መንገዱ ከምርመራ ይጀምራል፤ የመጫወት ፈቃዱም በልጁ፣ በወላጆቹና በሐኪሙ ምክክር የሚሰጥ ነው። ልብን የሚያረጋጋው መድኃኒት ፕሮፕራኖሎል ከታዘዘለት አንድም ቀን ሊዘለል አይገባም። ግቤ ወንዝ ብቻውን አይዋኝም። ቢወድቅ ደረቱን መጫን የሚችል ሰው ሜዳው ላይ ይኑር። ወባ ከያዘውም፣ ኮአርተምና ኩዊኒን ኪውቲን ስለሚያስረዝሙ፣ ቤተሰቡ መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት ስለ ልቡ ለጤና ባለሙያው ይንገር፤ የሚስማማው መድኃኒት ይመረጥለታል።