የኮሪያ ሩዝ በፎገራ ምጣድ

በአሜሪካ የሚኖሩ የኮሪያ ተወላጆች የምግብ አሠራር ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ስሙ ገኗል። ሴኡል ተወልዶ ሎስ አንጀለስ ያደገው ሮይ ቾይ በ2008 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር ኮጊ የተባለውን የመኪና ላይ ምግብ ቤት ጀመረ። በኮሪያ ቅመም የታሸ የበሬ ጎድን በሜክሲኮ ቂጣ ጠቅልሎ ሲያቀርብ፣ ሰው በሌሊት ተሰልፎ ይገዛው ነበር። የአንዱን አገር ጥሬ ዕቃ በሌላው አገር አሠራር ማብሰል ማለት ይኸው ነው። ፎገራ ደግሞ ይህን ከጀመረች ቆይታለች፤ ያውም በኮሪያ ሩዝ።

ወረታን ይዞ እስከ ጣና ሐይቅ ዳር የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ፣ ክረምት ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ውኃ ይተኛበታል። ድሮ ስሙ የሚነሳው በከብቱ ነበር፤ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል። ሩዝ የገባው በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሲሆን፣ የተሞከረውም በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች አምራች ማኅበራት ማሳ ላይ ነው። በ1943 ዓ.ም. የኢትዮጵያው የቃኘው ሻለቃ ጦር ለደቡብ ኮሪያ ሊዋጋ ዘምቶ ነበር፤ ዘሩ የመጣው ግን ከሰሜኑ ወገን ሆነ። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያችው ጅግና ነው። ነጭ በመሆኑም ገበያ ላይ ይፈለጋል።

ዘሩ ሲመጣ አበሳሰሉ አብሮት አልመጣም። ሩዙን የቤታቸው ምግብ ያደረጉት የፎገራ እናቶች ናቸው፤ አስፈጭተው ከጤፍ ጋር ቀላቀሉት። ለምን ቀላቀሉት? ሩዝ ብቻውን ሲጋገር እንጀራው ትኩሱን ነጭና ለስላሳ ነው፤ ካደረ ግን ይደርቃል፣ ሲጠቀልሉት ይሰነጠቃል። በምጣድ ሙቀት የለሰለሰው የሩዝ ስታርች ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ስለሚጠጥር ነው። ጤፍ ሲገባበት እንጀራው ሳይደርቅ ይቆያል፤ ሩዙ በበኩሉ ነጭነቱን ይሰጣል፣ ውዱ ጤፍም እንዲበረክት ያደርጋል።

በስንዴ ሊጥ ውስጥ ያለው የሚለጠጥ ማያያዣ በሩዝም በጤፍም የለም። ስለዚህ የማያያዙ ሥራ የሚወድቀው በአብሲት ላይ ነው። ከቦካው ሊጥ ጥቂት ተቀንሶ በፈላ ውኃ እየተማሰለ ይበስላል፤ በረድ ሲል ተመልሶ ይጨመራል። የበሰለው ስታርች ሊጡን ያወፍረዋል፣ እርሾው የሚያወጣውንም አየር ይይዛል። ጋጋሪዋ ሊጡን ከዳር ጀምራ ወደ መሃል እያዞረች ስታፈሰው፣ አክንባሎው ሳይከደን ዓይኑ መከፈት ይጀምራል። ጥሩ ጋጋሪ ዓይኑን አይታ አብሲቱ አንሶ እንደሆነ እዚያው ላይ ታውቃለች፤ ለሚቀጥለው ታስተካክላለች። ይህ ዕውቀት ከማንኛውም ስመ ጥር ሼፍ ዕውቀት የሚያንስ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

በመጠጥ በኩልም እንዲሁ ነው። ፎገራ ውስጥ ሩዝ ለጠላም ለአረቄም ይውላል። ኮሪያውያንም ማክጎሊ የሚባል ነጭ የሩዝ መጠጥ አላቸው። ልዩነቱ እህሉን ወደ ስኳር የሚለውጠው ነገር ላይ ነው፦ እነሱ ኑሩክ በሚባል፣ ሻጋታ ባበቀለ የስንዴ እርሾ ይጠቀማሉ፤ እኛ ጋ ይህን የሚሠራው ብቅል ሲሆን ጌሾው ምሬቱንና መዓዛውን ይሰጣል።

ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ፤ ዘሩ ተመራማሪ አግኝቷል። የጋጋሪዎቹ ሙያም እንደዚያው ሊጻፍና ሊጠና ይገባዋል፦ የሩዙና የጤፉ መጠን፣ የሚቦካበት ጊዜ፣ የአብሲቱ ልክ። የባሕር ዳርና የጎንደር ሆቴሎችም የሩዝ ቅልቅሉን እንጀራ በጤፍ ስም ሳይሆን፣ «የፎገራ ሩዝ እንጀራ» ብለው በምግብ ዝርዝራቸው ላይ ቢያሰፍሩት ደስ ይለኛል።