ከሁለት ልብ ወደ አንድ ልብ

መንፈሳዊ ዕድገት በክርስትና ትምህርት አማኝ በአሳቡ፣ በጠባዩና በሥራው ክርስቶስን እየመሰለ የሚሄድበት የዕድሜ ልክ ጉዞ ነው። እምነት በአንድ ስብከት ወይም በአንድ የጭንቅ ሌሊት ሊጀመር ይችላል፤ ማደግ ግን ዓመታት ይጠይቃል። ከዕድገት ጋር ሁልጊዜ የሚነሣው ሁለተኛው ጉዳይ ራስን ሳያስቀሩ ለእግዚአብሔር መስጠት ነው። ወንጌላውያን «መሰጠት» በሚል አጭር ቃል ይጠሩታል፤ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከፍተኛ መልኩ ዓለምን ትቶ መመንኮስ ነው፤ በትዳርና በእርሻ ለሚኖረው ምእመንም የራሱ መጠን አለው። ሁለቱ ጉዳዮች አይነጣጠሉም። ልቡን ግማሽ የሰጠ ሰው ግማሽ አያድግም፤ አብዛኛውን ጊዜ ጨርሶ ሳያድግ ይቀራል።

አማርኛ ለዚህ ነገር ጥሩ ቃላት አሉት። በአማርኛ ልብ የስሜት ማደሪያ ብቻ አይደለም። «ልብ በል» ማለት አስተውል ማለት ነው፤ «ልብ ገዛ» የሚባለው ነገሩ የገባው፣ ከልጅነት አሳብ የወጣ ሰው ነው። የሚያመነታ ደግሞ «ሁለት ልብ ሆነ» ይባላል። መጽሐፍ ቅዱስ እግዚአብሔርን በፍጹም ልብ መውደድን ሲያዝም የሚናገረው ከዚህ አገባብ ጋር ይስማማል። ትእዛዙ ለስሜት ብቻ ሳይሆን ለማስተዋልና ለውሳኔም ነው። በጉባኤ ላይ እንባው የሚወርድ ሰው ማግስቱን በገበያ ሚዛን የሚሰርቅ ከሆነ፣ ልቡ ተነክቶ ይሆናል እንጂ አልተሰጠም።

ከአርባ ምንጭ በስተምዕራብ፣ የገረሴን ደጋ አልፎ በሚገኘው በካምባ፣ እንዲሁም በመላው የጋሞ ምድር፣ የሁለት ልብ ጥያቄ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የጋሞ ባህላዊ እምነት የሰማዩን አምላክ ያውቀዋል፤ በጋሞኛ «ጦሲ» ይባላል፤ ጎረቤቱ ወላይታ «ጦሳ» ይለዋል። ከእርሱ በታች ግን የየዕለቱን ኑሮ የሚይዘው ሥርዓቱ፣ መሥዋዕቱና «ጎሜ» ነው። ጎሜ በአባቶች የተላለፈው ሥርዓት ሲጣስ የሚፈጠረው በደል ሲሆን፣ በደሉ የሚያስከትለው መዘዝም በዚሁ ስም ይጠራል። ዝናብ ሲጠፋ፣ ልጅ ሲታመም፣ ከብት ሲያልቅ የማን ጎሜ እንደሆነ ይጠየቃል፤ በደለኛው ይናዘዛል፣ የተጣላው ይታረቃል፣ መሥዋዕት ይቀርባል። ስለዚህ ክርስትናን የተቀበለ የጋሞ ሰው የተጠየቀው ያልሰማውን አምላክ ስም እንዲማር አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን በጋሞኛ ስትጸልይ ይህንኑ የጥንቱን ስም ትጠራለች። ከባዱ ነገር ልጁ በታመመበት ሌሊት ወደ ጠንቋይ ቤት የሚወስደውን መንገድ አለመሄድ ነበር። በእሑድ መዘመርና በዚያ ሌሊት እቤት መቅረት እኩል አይመዝኑም።

ይህን ጥያቄ በጋሞ መጀመሪያ ያነሡት የውጭ ሚሲዮናውያን አለመሆናቸው ሊታወቅ ይገባል። እነርሱ ከመድረሳቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ኢሳ የሚባል የጋሞ ሰው ተነሥቶ ከጋሞ እስከ ጎፋና ወላይታ እየዞረ ሕዝቡ ለመናፍስት መሠዋቱን ትቶ አንዱን የሰማይ አምላክ ብቻ እንዲያመልክ ሰበከ። ብዙ ሕዝብ ተከተለው፤ ባለሥልጣናቱ ግን ሕዝብ ማሰባሰቡ አላማራቸውምና አሰሩት። ኢሳ መጽሐፍ ይዞ አልዞረም፤ ትምህርቱም ስለ ክርስቶስ የተሟላ አልነበረም። ልብ አይከፈልም የሚለውን አሳብ ግን በሕዝቡ ዘንድ ትቶ አልፏል፤ በኋላ የመጡት ሰባኪዎችም የታረሰ መሬት አገኙ ማለት ይቻላል።

የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት በ1920 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ገብተው ወደ ደቡብ ወረዱ፤ ከወላይታ ሶዶ ሌላ በጋሞ ደጋ በጨንቻም ጣቢያ ከፈቱ። ብዙ ሳይቆይ የጣልያን ወረራ መጣ። በ1929 ዓ.ም. ሚሲዮናውያኑ ከሶዶ ሲባረሩ በወላይታ የተጠመቁት አማኞች ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን፣ ራሳቸው እንደጻፉት፣ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች አገኙ። በመካከሉ ባሉት ዓመታት እንደ ዋንዳሮ ዳባሮ ያሉት መሪዎች ታስረዋል፣ ተገርፈዋል።

ለጋሞ የሚተርፈው ታሪክ ከዚህ ይጀምራል። ገና ጥቂት ዓመት ያመኑ የወላይታ ገበሬዎች ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው፣ መሬታቸውን ለዘመድ ትተው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋና ከዚያም ወዲያ ተጓዙ። ወላይትኛና ጋሞኛ በጣም የሚቀራረቡ ልሳኖች በመሆናቸው ማስተርጐም ብዙም አላስፈለጋቸውም። ስንቃቸውን የሚችሉት በወላይታ የቀሩት አጥቢያዎች ነበሩ፤ ከደሃ ገበሬ አሥራት የተሰበሰበ ጥቂት ገንዘብ ማለት ነው። የአካባቢ ባለሥልጣናትና ባለ ርስቶች ብዙዎቹን አሰሩ፤ ቆላ የወረዱት ደግሞ በወባ ተጎዱ። ዛሬ ቃለ ሕይወት በምትባለው ቤተ ክርስቲያን ሥር በጋሞ ተራሮች ላይ ያሉ ብዙ አጥቢያዎች የተተከሉት በእነዚህ ሰዎች ነው።

ከእነዚህ ሰዎች ታሪክ አንድ የሚያስገርም ነገር ይወጣል። በተለመደው አሳብ ሰው መጀመሪያ ያድጋል፣ ከዚያ ራሱን ይሰጣል፤ የወላይታ ወንጌላውያን ግን መንገዱን ገልብጠው ሄዱ። ብዙዎቹ ማንበብ የጀመሩት በቅርቡ ነበር፤ በእጃቸው ያለውም ከመጽሐፍ ቅዱስ የተተረጐመ ጥቂት ክፍል እንጂ ሙሉው መጽሐፍ አልነበረም። ያደጉት በመሄዳቸው ነው። ትናንት የተማሩትን ዛሬ ሲያስተምሩ፣ የማያውቁትን ሲጠየቁ፣ ሲታሰሩና ሲፈቱ በሰሉ። እርግጥ ይህ መንገድ ጉድለትም ነበረው፤ ትምህርቱ ስስ በሆነበት ቦታ ሁሉ አሮጌው ፍርሃት በሌላ ስም ተመልሶ የሚገባበት በር ክፍት ቀርቷል።

ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ በጋሞ የቆየችው ከዚህ እጅግ ቀድማ ነው። ከአባያ ሐይቅ በላይ በደጋው ላይ ያለችው ብርብር ማርያም በአገሪቱ ደቡብ ካሉት ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ናት። የተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለመንፈሳዊ ዕድገት ያላት ካርታ እጅግ ዝርዝር ነው። መጻሕፍተ መነኮሳት በሚባሉት በማር ይስሐቅ፣ በፊልክስዩስና በአረጋዊ መንፈሳዊ የሚያስተምሩ መምህራን ጉዞውን በሦስት ንጽሕናና በዐሥር ማዕረግ ያስቀምጡታል። በንጽሐ ሥጋ ጽማዌ፣ ልባዌና ጣዕመ ዝማሬ አሉ፤ በንጽሐ ነፍስ አንብዕ፣ ኵነኔ፣ ፍቅርና ሑሰት፤ በንጽሐ ልቡና ደግሞ ንጻሬ መላእክት፣ ተሰጥሞ ብርሃንና ነጽሮተ ሥሉስ ቅዱስ።

የማዕረጋቱ ቅደም ተከተል በራሱ ትምህርት ነው። መጀመሪያ የተቀመጠው ተአምር ወይም ራእይ ሳይሆን ጽማዌ፣ ዝም ማለት ነው። ቀጥሎ ልባዌ፣ የሚሰማውን ማስተዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ጸሎት ለአፍ የሚጣፍጠው። አንብዕ የንስሐ እንባ ሲሆን፣ ኵነኔ ነፍስ ሥጋን የምትገዛበት ደረጃ ነው። ፍቅር በስድስተኛው ቦታ መምጣቱ መጀመሪያ ሲያዩት ይገርማል። ነገር ግን እዚህ ላይ የተባለው ፍቅር ወዳጅና ጠላትን፣ ደግና ክፉን ሳይለይ እኩል የሚያይ ነው፤ ቁጣውንና ሆዱን ገና ያልገዛ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለውን ፍቅር ሊይዘው አይችልም። የመጨረሻዎቹ ማዕረጋት ለጥቂቶች ናቸው፤ «እዚህ ደርሻለሁ» ብሎ የሚያወራም እንዳልደረሰ ይቆጠራል።

ምእመኑ ማዕረግ አይቆጥርም። የእርሱ መሰላል ሌላ ነው፦ የንስሐ አባት መያዝ፣ በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚሆኑትን አጽዋማት መጾም፣ መስገድ፣ መመጽወት፣ ተዘጋጅቶ ሥጋ ወደሙን መቀበል፣ በሰንበቴና በጽዋ ማኅበር ከሰው ጋር መሆን። እነዚህ ሁሉ ልብን በአንድ ጊዜ አይለውጡም፤ ዓመት በዓመት እየተመላለሱ ሰውን ያላምዱታል። የጋሞ ገበሬ ይህን ፍጥነት ከእንሰቱ ያውቀዋል። ችግኝ ሲፈልግ የእናቲቱን ተክል እምብርት ቆርጦ አውጥቶ ሥሯን በፍግ ይቀብራል፤ ብዙ ቡቃያ የሚወጣው ከዚያ ነው፤ ቡቃያውም ለመብል እስኪደርስ ዓመታት ይጠበቃል።

በወንጌላውያን ዘንድ ያለው ሥርዓት ቀለል ያለ ይመስላል፤ አሠራሩ ግን የታወቀ ነው። አዲስ አማኝ ከመጠመቁ በፊት ይማራል፤ ሽማግሌዎች ስለ ኑሮው ይጠይቁታል፤ ከተጠመቀ በኋላ በቤት ለቤት ኅብረት፣ በመዘምራን ወይም በጾም ጸሎት ውስጥ ይገባል። በግሉ የሚይዘው ልማድ «የጽሞና ጊዜ» ይባላል፤ በማለዳ ቃሉን ማንበብና ብቻን መጸለይ ነው። ጽሞና ከመነኮሳቱ ጽማዌ ጋር በትርጉምም በድምፅም መቀራረቡ ያስደንቃል። በብዙ ነገር የማይስማሙ ሁለት ቤቶች ዝምታን የዕድገት አንድ ክፍል አድርገው ይይዙታል። አሥራትና ወንጌላዊ መላክም የዕድገት መለኪያ ሆነው ይቆጠራሉ፤ ገንዘብ የሌለው እህል ያመጣል።

ብልጽግና ለተሰጠ ልብ የሚያመጣውን ፈተና ከጨንቻ በተሻለ የሚያሳይ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ዛሬ ጨንቻ የታወቀችበትን አፕል ወደ ደጋው ያመጡት በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የነበሩት ሚሲዮናውያን ናቸው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ችግኙና ፍሬው ገበያ ሲያገኝ አንዳንድ ገበሬዎች ሀብታም ሆኑ። በጋሞ ለብዙ ዓመታት ጥናት ያደረገችው አንትሮፖሎጂስት ዲና ፍሪማን በ2012 እ.ኤ.አ. ባዘጋጀችው መጽሐፍ ውስጥ ይህን ለውጥና የወንጌላውያን እምነት መስፋፋትን አያይዛ መርምራለች። በቀድሞው ሥርዓት ሀብት ያፈራ ሰው የሃላቃነት ማዕረግ ሲቀበል ለአገሩ ትልቅ ድግስ ይደግስ ነበር፤ ሀብቱም በዚያ ይበተን ነበር። ወንጌላዊ የሆነ ግን ከመሥዋዕትና ከድግስ ግዴታ ይወጣልና ያገኘውን ማጠራቀምና ለሥራ ማዋል ይችላል።

እዚህ ላይ ነገሩ ሁለት ፊት አለው። አንድ ሰው ድግሱን የተወው ልቡ ለአንድ አምላክ ስለሆነ ነው ወይስ በሬውን ላለማረድ? ከውጭ ሲያዩት ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። የሚለያቸው ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው፤ ቀድሞ በድግሱ ይበላ የነበረው ደሃ ጎረቤት አሁን ከዚያ ሰው ቤት ምን ያገኛል? የጥንቱ ሥርዓት ሀብታሙን በግድ ያካፍል ነበር፤ ወንጌል ደግሞ በፈቃዱ እንዲያካፍል ይጠይቀዋል። ፈቃድ ከግዴታ ይበልጣል የሚለው ትምህርት እውነት የሚሆነው ፈቃዱ በእርግጥ ሲታይ ነው። እምነትን ወደ ሀብት ማግኛነት የሚያወርደው የዘመኑ ስብከት በዚህ ቦታ ላይ ብዙ ጉዳት ያደርሳል፤ መስጠትን ተመላሽ የሚጠበቅበት ብድር አድርጎታልና።

ሌላው ፈተና ስደት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ ለጣልያን መገዛትን አልቀበልም ብለው በአዲስ አበባ ተረሸኑ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ደግሞ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ሰዎች ታፍነው ተገደሉ፤ አስቀድሞ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ነበር። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳም ለብዙ ዓመታት ታስረዋል። በእነዚያ ዓመታት በደቡብ ብዙ የወንጌላውያን አዳራሾች ተዘግተው አማኞች በየቤቱ በጥቂት በጥቂት ይሰበሰቡ ነበር። እንዲህ ያለው ቁርጥ ውሳኔ በአንድ ቀን የሚመጣ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለቱም ሰዎች ለዚያ ቀን የደረሱት በብዙ ዓመት የትምህርትና የአገልግሎት ኑሮ ነው።

ስደት ከሌለ፣ ሀብትም ካልመጣ፣ የአብዛኛው አማኝ ዕድገት የሚቆመው በሌላ ምክንያት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች ገና ወተት የሚጠጡ ሕፃናት እንደሆኑ ሲነግራቸው፣ ማስረጃ ያደረገው የእውቀት ማነሳቸውን ሳይሆን መቀናናታቸውንና መከፋፈላቸውን ነው። ስለዚህም በሁለቱም ቤቶች እርቅ ከገበታው ይቀድማል። የንስሐ አባት ቂም የያዘውን ልጁን ሳይታረቅ እንዳይቆርብ ያግደዋል፤ በወንጌላውያን አጥቢያም ከጌታ እራት በፊት ሽማግሌዎች የተጣሉትን ያነጋግራሉ። ይህ ትእዛዝ ለጋሞ ሰው እንግዳ አይደለም። ጎሜ የሚያስከትለው ፍርሃት ቢቀር እንኳ፣ የተደበቀ ጠብ ይዞ ወደ ፈጣሪ አይቀረብም የሚለው አሳብ በሽማግሌዎች ሸንጎ በዱቡሻ ሲነገር የኖረ ነው። ይህ የእርቅ ልማድ በቅርብ ዘመንም ታይቷል፤ መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና አካባቢው በጋሞ ተወላጆች ላይ ግድያ ከተፈጸመ በኋላ የአርባ ምንጭ ወጣቶች ለብቀላ ሲወጡ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበረከኩባቸው፤ ወጣቶቹም ተመለሱ።